ጧሪና ቀባሪ

ባገራችን የአንድን ሰው መከራ በአጭሩ ለመናገር ሲፈለግ «ጧሪ ቀባሪ የሌለው ነው» ይባላል። ይህ አነጋገር ሁለት ሥራዎችን በአንድነት አስሮ የያዘ ነው፤ አንደኛው መጦር፥ ሁለተኛው መቅበር ነው። አባቶቻችን እነዚህን ሁለት ቃላት ሳይነጣጥሉ የተናገሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውን በእርጅናው የሚደግፈውና በሞቱ ጊዜ አፈር የሚያለብሰው አንድ እጅ እንዲሆን ስለ ፈለጉ ነው።

ዛሬ በየሰፈራችን የሚታየውን ስንመረምር ግን እነዚህ ሁለት ሥራዎች እንደ ተለያዩ እናገኛለን። ለመቅበሩ ሥራ እድር አቁመናል። እድሩ ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ አባሉ በየወሩ ያዋጣል፤ ድንኳኑ፥ አግዳሚ ወንበሩ፥ ድስቱና ሳሕኑ በአንድ ቤት ተቈልፎ ይጠበቃል። ሞት በተሰማ ጊዜ ጥሩምባ ይነፋል፥ ወይም በስልክ ይነገራል፤ ወዲያው ድንኳን ይተከላል፤ ያለ ምክንያት የቀረ ሰው ይቀጣል። ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ጎረቤት ሦስት ቀን አብሮት ይቀመጣል። ይህ የሚያስመሰግን፥ ሌሎች ሕዝቦችም ሊማሩት የሚገባ ሥርዓት ነው።

ለመጦሩ ሥራ ግን ይህን የመሰለ ሥርዓት የለንም። ስለዚህም አንዲት እናት በሕይወት ሳሉ በራቸው ለወራት ሳይንኳኳ ይቈይና፥ ባረፉ ቀን መቶ ሰው ግቢያቸውን ሲሞላው ይታያል። በሕይወት ሳሉ አንድ ኩባያ ውሃ የሚያቀብላቸው አልነበረም፤ ከሞቱ በኋላ ግን ወጥ የሚሠራ፥ እንጨት የሚፈልጥ፥ ሬሳ የሚሸከም ሞልቶአል። ይህን የሚያደርጉት ክፉዎች ሰዎች አይደሉም። እንዲያውም በቀብሩ ቀን ከልባቸው ያለቅሳሉ። ታዲያ ችግሩ ከወዴት የመጣ ነው?

እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። አረጋዊን መርዳት ዕዳ ነውን፥ ወይስ በጎ ፈቃድ? ዕዳ ከሆነ የማን ዕዳ ነው? በጎ ፈቃድስ ከሆነ፥ ፈቃዱ ባለቀ ጊዜ አረጋዊው ወዴት ይወድቃል?

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። መጦር የሚለው ቃል ከግእዙ «ጾረ» የመጣ ነው፤ ጾረ ማለት ተሸከመ ማለት ነው። ጡረታ የሚለውም ስም ከዚሁ የተገኘ ነው። እናት ልጅዋን ዘጠኝ ወር በማሕፀንዋ፥ ከዚያም በጀርባዋ አዝላ ትሸከማለች፤ አባትም በትከሻው ያስቀምጠዋል። ዘመን በተገላበጠ ጊዜ ሸክሙም ይገላበጣል። እንግዲህ ጧሪ ማለት ተሸካሚ ማለት ነው። የተሸከመንን መልሶ መሸከም ምጽዋት ሊባል አይችልም፤ የተበደሩትን መመለስ ነው።

አንዳንድ ሰዎች አባትንና እናትን ስለ ማክበር በሲና የተሰጠው ትእዛዝ ለሕፃናት ብቻ የተነገረ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ትእዛዙን በተራራው ሥር ቆመው ከሰሙት መካከል ወላጆቻቸው ያረጁባቸው ባለ ትዳሮችም ነበሩ። ጌታችንም በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 7 ጻፎችንና ፈሪሳውያንን የገሠጻቸው ስለዚሁ ነገር ነው። ለወላጆቹ ርዳታ ሊያውለው የሚገባውን ገንዘብ «ቍርባን» ብሎ ለእግዚአብሔር የለየ ሰው ከወላጆቹ ዕዳ ነጻ ይወጣል እያሉ ያስተምሩ ነበርና። እነሆ፥ ለእግዚአብሔር ቤት የሚቀርብ ስጦታ እንኳ የወላጅን ዕዳ አይሽርም። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ብዙ ገንዘብ ሰጥቶ እናቱን የረሳ ሰው ይህን ምዕራፍ ደጋግሞ ያንብብ።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 5፥ ባልቴት ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ያሉአት እንደ ሆነ የመርዳቱ ሥራ አስቀድሞ የእነርሱ መሆኑን ያስተምራል። ያገራችንም ሕግ ከዚህ አልራቀም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ አዋጅ ቍጥር 213፥ የተቸገሩና ሠርተው ለመኖር ያልቻሉ ወላጆች ከልጆቻቸው ቀለብ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ቀለብ ሲልም ምግብን ብቻ አይደለም፤ መኖሪያን፥ ልብስንና የጤና ጥበቃን ጭምር ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ግልጽ ነው፤ ወላጅን መጦር የልጅ ዕዳ ነው።

ነገር ግን የዘመኑን ሁኔታ ሳያዩ በልጆች ላይ መፍረድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ዛሬ ልጅ ከአባቱ ጎጆ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ የሚኖርበት ጊዜ እያለፈ ነው። አንዱ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ፥ አንዷ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ፥ ሌላው ወደ ዋሽንግተን ሄዶአል። በሰው ቤት እየሠራች ከደመወዝዋ ቀንሳ ለእናትዋ የምትልክ ልጅ ዕዳዋን ረስታለች ልትባል አይገባም፤ እንዲያውም አጠገብ ተቀምጦ ከማይጠይቅ ልጅ ትበልጣለች። ዳሩ ግን ገንዘብ የማይሠራው ሥራ አለ። የተላከው ብር ከባንክ ወጥቶ ዱቄት ይገዛል፤ ዱቄቱን አቡክቶ የሚጋግር እጅ ግን አብሮ አይላክም። መድኃኒት ይገዛል፤ የጧቱን ክኒን ከማታው ለይቶ የሚሰጥ ዓይን ግን አይገዛም። በስልክ የልጅ ድምፅ ይሰማል፤ የወደቀን ሽማግሌ ከመሬት የሚያነሣ ክንድ ግን በስልክ አይመጣም።

ከዚህም ሌላ ልጅ ያልወለዱ፥ ወልደው የቀበሩ፥ በጦርነትና በስደት ከወገናቸው የተለዩ አረጋውያን አሉ። ጡረታም ለሁሉ አይደርስም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐቅድ በአዋጅ የተቋቋመው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜውን በእርሻ፥ በቀን ሥራ ወይም በጉልት ንግድ የፈጸመ ሰው ግን የሚቀበለው የጡረታ አበል የለውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለአረጋውያን ድጋፍ የሚያደርገው አቅም በፈቀደ መጠን መሆኑን ያመለክታል። ይህ እውነተኛ አነጋገር ነው፤ ነገር ግን አቅም እስኪፈቅድ ድረስ እርጅና ቆሞ አይጠብቅም።

እንግዲህ ልጅ በሌለበት ወይም በራቀበት ስፍራ ጎረቤት ይቆማል። የእርሱ ሥራ በዘመናችን «የበጎ ፈቃድ አገልግሎት» ይባላል። ያማረ ስም ነው፤ ነገር ግን አንድ አደጋ በውስጡ አለ። ፈቃድ የልብ ነገር ነውና፥ ልብም አንድ ጊዜ ይሞቃል፥ ሌላ ጊዜ ይቀዘቅዛል። በዓመት በዓል ዋዜማ፥ ወይም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1983 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት የአረጋውያን ቀን በሚከበርበት በመስከረም 21 ቀን ገደማ፥ ወጣቶች ተሰብስበው ወደ አረጋውያን ቤት ይሄዳሉ። ዘይትና ዱቄት ያወርዳሉ፤ ቤት ይጠርጋሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ይመለሳሉ። የሠሩት ሥራ መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ይቀበላቸው። ነገር ግን በማግሥቱ ውሃውን ማን ይቀዳል? ጉልበቱ የደከመ ሰው የሚራበውና የሚጠማው በበዓል ቀን ብቻ አይደለም። ደግሞም «እመለሳለሁ» ብሎ ያልተመለሰ ሰው ፈጽሞ ካልመጣው ይልቅ ይጎዳል፤ አረጋዊው በደጃፉ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ማየት ተጨምሮበታልና።

እዚህ ላይ ስንደርስ ነገሩ የተዘጋ ይመስላል። ዕዳ ነው ብንል፥ ጎረቤት ከአረጋዊው አልተበደረም። ፈቃድ ነው ብንል፥ ፈቃድ አይጸናም። ስለዚህ ሁለቱንም ነገር ደግመን እንመርምር።

ጎረቤት በእውነት አልተበደረምን? የሰፈሩን ምንጭ ያጐለበተ፥ ለቤተ ክርስቲያኑ ሕንጻ ድንጋይ የተሸከመ፥ እድሩን የመሠረተ፥ የተጣሉትን ያስታረቀ፥ ሽማግሌ ሆኖ ልጆቻችንን የዳረ ማን ነው? ዛሬ ወገቡ የጎበጠው ያ ሰው ነው። እናታችን ታማ በተኛች ጊዜ ጠርታ ያበላችን፥ ስናጠፋ እንደ ልጅዋ የቈነጠጠችን ማን ነበረች? ዛሬ ዓይናቸው የፈዘዘው እኒያ እናት ናቸው። እንግዲህ የምንኖርበትን ሰፈር ተረክበን ሳለ ያቀኑልንን ሰዎች አናውቃቸውም ማለት፥ ርስቱን ወርሶ ዕዳውን እንደ መካድ ነው። ደግሞም ወላጆቹን ሳይጦር የቀበረ ሰው ዕዳው በልቡ ቀርቶበት ይኖራል፤ ለሞቱት ሊመልስ የማይችለውን በሕይወት ላሉት ቢመልስ ዕዳው ወደ እግዚአብሔር ይደርሳል።

በመጽሐፍ ቅዱስም የሥጋ ልጅነት ሳያስገድዳቸው ልጅ የሆኑ ሰዎችን እናገኛለን። ሩት ለኑኃሚን ልጅ አልነበረችም፤ ባልዋ ሞቶ ነበርና የሚይዛት ነገር አልነበረም። ነገር ግን እስከ ቤተ ልሔም ተከትላት ሄደች፥ ቃርሚያም እየለቀመች መገበቻት። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጣት፤ እርሱም ወደ ቤቱ ተቀበላት። ከዚህ የምንረዳው፥ አደራ ሰውን የሥጋ ዝምድና የሌለው ልጅ እንደሚያደርገው ነው። ጎረቤትም ለአረጋዊው ልጅ የሚሆነው በአደራ ነው።

ቀጥሎም ፈቃድን እንመርምር። በግእዝ «ፈቀደ» ሲባል ወደደ ማለት ብቻ አይደለም፤ አስፈለገው፥ አሻው ማለትም ይሆናል። ስለዚህ በአንዱ ቃል ውስጥ የሰጪው ውዴታና የተቀባዩ ችግር አብረው ይኖራሉ። በጎ ፈቃድ ሙሉ የሚሆነው እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። እኔ የምወደውን፥ እኔ በሚመቸኝ ቀን ባደርግ ግማሹን አደረግሁ፤ ለእርሱ የሚያስፈልገውን፥ በሚያስፈልገው ቀን ባደርግ ሙሉውን አደረግሁ።

ይህም ያለ ሥርዓት ሊሆን አይችልም። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 የተጻፈውን እናስተውል። በኢየሩሳሌም የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ምእመናን ንብረታቸውን እየሸጡ የሚያካፍሉ ነበሩና ፍቅር አልጎደላቸውም። ነገር ግን በየዕለቱ ምግብ ሲታደል የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ባልቴቶች ይታለፉ ስለ ነበር ማጕረምረም ተነሣ። ሐዋርያት በዚህ ጊዜ ምን አደረጉ? ስለ ርኅራኄ ሌላ ስብከት አልሰበኩም፤ ሰባት ሰዎች አስመርጠው በሥራው ላይ ሾሙአቸው። የዲቁና አገልግሎት መነሻው በማዕድ የተረሱ ባልቴቶች ጉዳይ መሆኑን የዛሬ ዲያቆናት ሊያስታውሱት ይገባል። ፍቅር የነበራት ያች ጉባኤ እንኳ ሥርዓት ባጣች ጊዜ ባልቴቶችን ረሳች፤ ሥርዓት ባቆመች ጊዜ ግን አስታወሰቻቸው።

እድራችንም ይህን ምሥጢር ያውቃል። ሰው ወድዶ ይገባበታል፤ ከገባ በኋላ ግን ወድዶ የተቀበለው ደንብ ያስረዋል። ዝናብ ነው፥ ደክሞኛል ብሎ ከቀብር አይቀርም። የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴም እንዲሁ ነው፤ ተራው የደረሰው ሰው ልቡ ሞቀም ቀዘቀዘም ጠላውን ይጠምቃል፥ ዳቦውን ይደፋል። እነሆ ዕዳና ፈቃድ የሚታረቁት በዚህ ነው። ፈቃድ በተራ ሲታሰር ይጸናል፤ ዕዳም በፈቃድ ሲከፈል አይከብድም።

እድር ከመቅበር አልፎ ሕያዋንን ሊያገለግል እንደሚችልም በሥራ ታይቶአል። በ1990ዎቹ ዓመታት የኤድስ በሽታ ብዙ ቤት ባፈረሰ ጊዜ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ያሉ በርካታ እድሮች አልጋ የያዙትን መጠየቅና ወላጅ ያጡትን ልጆች መርዳት ጀምረው ነበር። ለዚያ ጊዜ የተቻለው ለአረጋውያን የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ሸክሙ ምን ያህል እንደ ሆነ በቍጥር እንየው። አንድ እድር 150 አባላት አሉት እንበል፤ በሰፈሩም ብቻቸውን የሚኖሩ 5 አረጋውያን ይኑሩ። እያንዳንዳቸው በሳምንት 2 ጊዜ ቢጎበኙ በሳምንት 10 ጉብኝት ይሆናል። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ እንደ ላካቸው፥ ተረኞቹም ሁለት ሁለት ሆነው ቢሄዱ በሳምንት 20 ሰው ያስፈልጋል። እንግዲህ ለአንድ አባል ተራው የሚደርሰው በ7 ሳምንት ተኩል አንድ ጊዜ፥ በዓመትም 7 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው የተባለው ለዚህ ነው።

ተረኛው ሲሄድ የሚሠራው ታላቅ ነገር አይደለም። ውሃ ይቀዳል፤ ምድጃ ያነድዳል፤ መድኃኒቱ አልቆ እንደ ሆነ ያያል፤ ጥፍር ይቈርጣል፤ እግር ያጥባል። በጸሎተ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያን የሚፈጸመው የሕጽበተ እግር ሥርዓት በቀሩት ቀናት በየቤቱ እንድንፈጽመው የሚያስተምር ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ለሚፈልግ ክንዱን ያበድራል። ከሁሉም በላይ ተቀምጦ ይሰማል፤ ብቻውን ለሚኖር ሰው የሚሰማው ጆሮ ከምግብ አያንስምና።

ይህ ሁሉ ሲሆን ክብር መጠበቅ አለበት። ሊቅ የሚለው ቃል «ልህቀ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ልህቀ ማለት አደገ፥ ሸመገለ ማለት ነው። ቀሲስ ማለትም ሽማግሌ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን መምህርዋንና ካህንዋን በሽማግሌ ስም ከጠራች፥ ሽማግሌን እንደ ተጣለ ዕቃ ማየት የራስዋን ስም መናቅ ይሆንባታል። ስለዚህ ተረኛው «ምን ልሥራ?» ብሎ ይጠይቅ እንጂ በሰው ቤት ላይ አይዘዝ። በቤት ያየውን ድህነት በአደባባይ አያውራ፥ በፎቶግራፍም አይበትን። አረጋዊው የሚሰጠውንም ይቀበል፤ ምርቃቱን፥ ምክሩን፥ የሰፈሩን ታሪክ። ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ የሆነ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ የሚሰጠው የቀረለት ሰው ግን ቀና ብሎ ይኖራል።

«ጎረቤት ይህን ካደረገ ልጆች ይሰንፋሉ» የሚል ይነሣ ይሆናል። ይህ ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም፤ ቅዱስ ጳውሎስም ቤተ ሰብ ሊሸከመው የሚገባው በቤተ ክርስቲያን ላይ እንዳይጫን አስጠንቅቆአል። መልሱ ግን አረጋዊውን መተው አይደለም፤ ልጁን ከሥራው ማስገባት ነው። የእድሩ ጸሐፊ በሩቅ ላለው ልጅ ደውሎ የእናቱን ሁኔታ ይንገረው፤ ልጁም ገንዘቡን ይላክ፥ ጎረቤት እጁን ይስጥ። በቅርብ ተቀምጦ የተወውን ልጅ ግን የንስሐ አባቱና የሰፈሩ ሽማግሎች ይምከሩት፥ ይገሥጹት።

ሌሎች ደግሞ «ለዚህማ ማዕከላት አሉ» ይላሉ። በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢንያም በለጠ አማካይነት በጥቂት ሰዎች የተጀመረው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ዛሬ በሺህ የሚቈጠሩ ወገኖችን ሰብስቦ ይረዳል። የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ሊደገፍም ይገባዋል። ነገር ግን ማዕከሉ ከጎዳና የሚያነሣው ቤትና ወገን ያጣውን ሰው ነው። ቤት ያለው፥ ደጁን የሚወድ፥ የአጥቢያውን ደወል እየሰማ መሞት የሚፈልግ አረጋዊ ከሰፈሩ እንዳይነቀል የሚያደርገው ጎረቤቱ ነው። ማዕከል መኖሩ ሰፈርን ከሥራው አያሰናብተውም።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ በዚህ ወር በየእድራችሁ ስብሰባ መዋጮው ከተሰበሰበ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቅረብ፤ «በሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን እነማን ናቸው?» ተብሎ ይጠየቅ። ስማቸው በመዝገብ ይጻፍ። የንስሐ አባቶች የየቤቱን በር ያውቃሉና ያመልክቱ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጉልበታቸውን ያቅርቡ፤ ሰበካ ጉባኤው ሥራውን ይከታተል። ተራ ይውጣ፤ የቀረም እንደ ቀብሩ ይቀጣ። ቀድሞ ለመቃብር ብቻ ይከፈት የነበረው መዝገብ ለሕይወትም ይከፈት።

ሞት በአንድ ቀን ይፈጸማል፤ ድንኳኑም በሦስተኛው ቀን ይነቀላል። እርጅና ግን ብዙ ቀን ነው። ብዙ ቀን ላለው ችግር ብዙ እጅ ያስፈልገዋል። አባቶቻችን በአንድ አነጋገር ያሰሩአቸውን መጦርንና መቅበርን እኛ በሥራ እናስተሣሥራቸው፤ ቀባሪ ያገኘ ሁሉ አስቀድሞ ጧሪ ያግኝ።

ለዚህም ሥራ የእግዚአብሔር ቸርነት፥ የእመቤታችን አማላጅነት ይርዳን። አሜን።